በፀሐይ የማይቀልጥ ቅቤ

ሱቄን ሊወስድብኝ የመጣው ካድሬ መጀመሪያ ያነሳው የእኔን ነገር አልነበረም። የላምን ነፃነት ነበር።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ቅቤ፣ ማርና እንቁላል የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። በሯ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ሽታዋ ግን እስከ መንገዱ ማዶ ሄዶ ደንበኛ ይዞ ይመጣል። ከኩታበር በአህያ ቅቤ እየጫንኩ፣ ዝናብና ቀረጥ እየተፈራረቁብኝ የያዝኳት ናት። ትምህርቴ ቁርኣን ቤት ተጀምሮ ገበያ ላይ ያለቀ ነው። ገበያ ደግሞ ሸጋ አስተማሪ ነው፤ ስታጠፋ አይገርፍህም፣ ያስርብሃል እንጂ።

ያን ጊዜ ነጋዴነት እንደ እከክ ነበር፤ ያለበት ሁሉ ይደብቀዋል። መደርደሪያህ ሙሉ ከሆነ አከማችተሃል፤ ባዶ ከሆነ ደብቀሃል፤ ግማሽ ከሆነ ደግሞ ግማሹን የት አደረስከው ይሉሃል። እኔ ግማሹን መርጬ እኖር ነበር።

ዶክተሩን ያወቅሁት በእንቁላል ነው። ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ የነጭ ጋዎኑ እጅጌ በአንዳች ነገር የተበሳሳ ወጣት ነበር። የሚሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የመንግሥት ግቢ ጥግ ላይ፣ ድሮ መጋዘን በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። ሱቄ ገብቶ አንዱን እንቁላል አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ዛሬ የተጣለ ነው?» አለኝ።

«እኔ አልጣልኩትም እንጂ ዛሬ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወላሂ! ከፈለግህ ዶሮዋን ላስጠራልህ።»

ሳቀና ያለኝን ሁሉ ገዛ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አመላልስለት ጀመር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ድረስ ይዤለት ብሄድ እንቁላሉን እየሰበረ አስኳሉን በብርጭቆ ያስቀራል፣ ነጩን ወደ ቱቦው ይደፋዋል። ልቤ አብሮ ፈሰሰ።

«ምነው ዶክተር! ምን በደለህ?»

«የምፈልገው አስኳሉን ነው። ስቡ ያለው እዚያ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጩን በቴርሞስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ፒያሳ ላለ ኬክ ጋጋሪ አስረክብ ነበር። አንዱን እንቁላል ለሁለት ሰው የሸጠ ነጋዴ ከእኔ በፊት በወሎ ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለም እንደ እኔ ዝም ብሎ ይሆናል።

በስቡ ምን እንደሚሠራ የጠየቅሁት ከተላመድን በኋላ ነው። አሁንም የነገረኝን እንደገባኝ ነው የምጽፈው።

«ጋሼ፣ ስብና ውኃ ይዋደዳሉ?»

«መቼ ተያይተው ያውቃሉ!»

«ይሄኛው ስብ ግን ሁለት ጠባይ አለው። ጭንቅላቱ ውኃ ይወዳል፣ ጭራው ውኃ ይፈራል።»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር በለኛ። ፊቱ ከበላይ ለመጣ ሁሉ ይስቃል፣ ከኋላው ግን ይንቀጠቀጣል።»

ዶክተሩ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ጭራውን የሚሸሽግበት ያጣል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ ሆኖ ጭራ ለጭራ ይገጥምና ዞሮ እንደ ከረጢት ይዘጋል። ከረጢቱ በዓይን አይታይም። ከመዘጋቱ በፊት መድኃኒት ውኃው ውስጥ ካለ፣ መድኃኒቱን በሆዱ እንደያዘ ይዘጋል።»

ነገሩ ስለ በግ ነበር። በእኛ አገር ረግረግ ለረግረግ የሚግጥ በግ ጉበቱን ትል ይበላዋል። ዶክተሩ የያዘው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ግን ደም ውስጥ ባዶውን ሲገባ በጉንም ያቃጥለዋል። የከሳ በግ ከሆነ ትሉም በጉም ባንድ ቀን ይቀበራሉ። በስብ ከረጢት ተጠቅልሎ ሲሄድ ግን ገላ የራሱ ስብ መስሎት አይቆጣም፤ ጉበትም እንዲህ ያለውን ስብ ከደም እየለቀመ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። መድኃኒቱ ደጃፉ ሳይሆን ጓዳው ድረስ ተሸኝቶ ይደርሳል ማለት ነው።

«ታዲያ እንቁላሉ ካለ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«የእንቁላል ስብ እንደ ዶሮዋ ነው። አንዷ ጤፍ በላች፣ አንዷ ትል። ዛሬ የሠራሁት ከረጢት ነገ ከሠራሁት ጋር አይመሳሰልም፤ ቶሎም ይሻግታል። እኔ የምፈልገው ሰው ሠራሽ ስብ ነው። የሱን ጭራ የምንለካው እኛ ነን። ጭራው ከረዘመና ቀጥ ካለ ሙቀት አይፈታውም፤ ካጠረ ወይ ከጎበጠ ቶሎ ይቀልጣል። በበጉ ገላ ሙቀት ልክ የሚሆነውን መርጠን እንሠራለን።»

ይሄ ገባኝ። የመስከረም ቅቤና የግንቦት ቅቤ አንድ አይደለም። የመስከረሙ ቢጫና ለስላሳ ነው፤ የግንቦቱ ነጭና ደረቅ። ላሚቱ ያው ናት፣ ሣሩ ነው የተለየው። ሰው ሣሩን ትቶ ቅቤውን በልኩ ከሠራማ የቅቤ ነጋዴ ጭቅጭቅ ግማሹ ቀረለት።

ሰው ሠራሹ ስብ ከውጭ መጣ። የዶክተሩ አስተማሪ በመንገደኛ የላከለት የጣት ቁመት ያላት ጠርሙስ ናት። ውስጧ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አለ፤ ማንኪያ አይሞላም። በበረዶ ቀብሮ ነው የሚያስቀምጣት። ሲያሳየኝ ትንፋሼን እንድይዝ አደረገኝ።

አንድ ቀን የርዕዮተ ዓለም ኃላፊው ካድሬ ግቢውን ሊጎበኝ መጣ። ካኪ ለባሽ፣ በደረት ኪሱ ብዙ እስክሪብቶ የሚሰካ፣ አንዱንም ሲያወጣ ያላየሁት ሰው ነው። ዶክተሩ ስለ በግ፣ ስለ ጉበትና ስለ ትል ሁሉንም አስረዳው። ካድሬው ከዚያ ሁሉ ሁለት ቃል ብቻ ይዞ ወጣ፤ «ሰው ሠራሽ ስብ»። ኮምቦልቻን ለቆ ደሴ እስኪደርስ ድረስ ስቡ በመንገድ ላይ ቅቤ ሆነ።

በሳምንቱ ቀበሌ ተሰበሰብን።

«ጓዶች! ለዘመናት የተበዘበዘችው ላም ነፃ የምትወጣበት ቀን ደርሷል! ሳይንስ ያለ ላም ቅቤ ሠርቷል!»

አጨበጨብን። ያን ጊዜ ማጨብጨብ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሳታስበው ይወጣል። ከኋላ ግን አንዲት ቅቤ ቸርቻሪ እጇን አወጣች።

«ጓድ፣ ነፃ የወጣች ላም ጥጃዋን ታጠባለች ወይስ ስብሰባ ትሄዳለች?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ይህ የአድኃሪያን ጥያቄ ነው!» አለ ካድሬው።

«እኔማ የላሟን ነው የጠየቅሁት» ብላ ተቀመጠች።

ከስብሰባው በኋላ ቀጥ ብሎ ሱቄ መጣ። የበሩን ስፋት በክንዱ ለካ። ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ይህች ቤት የሕዝብ ቅቤ ማከፋፈያ ትሆናለች። ከእንግዲህ ግለሰብ ቅቤ ነጋዴ ታሪክ ነው።»

«እኔስ ጓድ?»

«አንተ ትደራጃለህ።»

ከተደራጁት ነጋዴዎች ሱቁ የተመለሰለት አላየሁም። የዚያን ዕለት እህል በአፌ አልዞረም። ሚስቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ «ላም ነፃ ወጣች» አልኳት፤ አሞኛል ብላ ዳማ ከሴ ቀጠቀጠችልኝ።

ወሬው ግን ከእኔ ጭንቅ ቀድሞ ገበያውን አዳረሰ። የአሳማ ነው ያለ አለ፣ የጅብ ነው ያለ አለ። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በለቅሶም በሰርግም አንድ ነው፤ ቢላዋ ላይ ብቻ ይለያያል። እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም። ስለዚህ ስብ የሚባል ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን ያረደው ሰው ነው።

የሰፈራችን ሼኽና ጎረቤቴ መምሬ ባንድ ጧት ሱቄ ገቡ። ሁለቱም የእንቁላል ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡ።

«ይሄ ሞራ የማን ቢላዋ ነው?» አሉኝ ሼኹ።

«ቢላዋ አላየም ሼኽ። ከእንስሳ አይደለም ብሎኛል ዶክተሩ። በመድኃኒት ቅመማ ነው።»

«ሱብሃነላህ! ያልታረደ፣ ያልሞተ፣ ከነጭራሹም ያልኖረ ሞራ? ኪታብ ላይ አላየሁትም።»

«እኔም ድርሳን ላይ አላጋጠመኝም» አሉ መምሬ። «ከእንስሳ ካልሆነ እንግዲህ የጾም ነዋ?»

«ሐላልም ነው ማለት ነዋ?» አሉ ሼኹ።

«ሁለታችሁም መጽሐፋችሁ ላይ ካላገኛችሁት» አልኩ፣ «ባንድ ገበታ ልትበሉ ነው።»

ተያዩና ሳቁ። መምሬ ሲስቁ ጥምጥማቸው ተፈታ፤ ሼኹ ጫፉን ያዙላቸው።

የሳቅነው ግን እኔና እነሱ ብቻ ነን። ዶክተሩ ከኮምቦልቻ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። የአብዮት በዓል ደርሷል፤ ካድሬው በበዓሉ መድረክ ላይ አንድ ገበቴ ሰው ሠራሽ ቅቤ ይቅረብ፣ ሕዝቡም ይቅመስ ብሎታል።

«ያለኝ አንዲት ጠርሙስ ናት፣ እሷም የበጎቹ ናት አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጓድ ዶክተር፣ ሕዝብ ለማንኪያ አይሰለፍም› አለኝ። ጠርሙሷን ከዳቦ ጋር ሊያቀርባት ነው ጋሼ።»

«አብሽር፤ አንዲት ጠርሙስ ለመድረክ አትታይም። ሌላ ይፈልጋል።»

እንዳልኩትም ካድሬው በማግስቱ ሱቄ መጣ። በሩን ከውስጥ ዘጋው።

«የዶክተሩ ስብ ገና ሕፃን ነው። ሕዝቡ ግን መጪውን ዘመን በዓይኑ ማየት አለበት። ስለዚህ መጪውን ዘመን በአሁኑ ቅቤ እናሳየዋለን። አንድ ገበቴ ለጋ ቅቤ ታቀርባለህ። ለማንም ትንፍሽ አትልም። ካማረ የሱቁን ጉዳይ መልሰን እናየዋለን። ካላማረ በበዓሉ ማግስት ይታሸጋል።»

«ማን ይቀምሰዋል ጓድ?»

«የሃይማኖት አባቶች። ከእስልምናው ሼኹ፣ ከክርስትናው ቄሱ። እነሱ ከቀመሱ ሕዝቡ ይከተላል።»

ከሄደ በኋላ ነው በዓሉ የሚውልበትን ቀን ያሰብኩት። ዓርብ ነው።

ለሚስቴ ስነግራት የያዘችውን ጨርቅ ወረወረችው።

«መምሬን? በዓርብ ቀን ቅቤ ልታበላ? አንተ ሰውዬ፣ ልጃችን ታሞ ሼኹ በዱዓ፣ መምሬ በጠበል አልነበረም ሲሯሯጡልን የከረሙት? እኔ ከሳቸው ሚስት ጋር በምን ዓይኔ ልተያይ ነው?»

«ሱቁስ?»

«ሱቁን አላህ ያውቃል።»

አላህ ማወቁን አልተጠራጠርኩም፤ ካድሬውም ማወቁ ነው የከበደኝ። መምሬን ባስጠነቅቃቸው መድረክ ላይ አልቀምስም ይላሉ፤ ማን ነገራቸው ይባላል፤ ከካድሬው ሌላ የቅቤውን ምሥጢር የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብላቸው ያንን የመሰለ ሰው በሐሰት ላስገድፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሚዛኑን ባዶውን ስሰቅልና ሳወርድ ዋልኩ።

መላው የመጣው በኮምቦልቻ በኩል ካለፈ የጭነት መኪና ላይ ነው። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ከወደብ የማያመጡት ነገር አልነበረም። አንዱ ደንበኛዬ ከወንበሩ ሥር ነጭ ስብ የሞላ ቆርቆሮ አወጣ። የአትክልት ቅቤ ነው። ከዘይት የተሠራ፣ እንደ ሻማ የጠነከረ፣ ላም በዓይኗ ያላየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱቄ ደጃፍ አላስደርሰውም፤ የቅቤ ነጋዴ ጠላት ነው። ያን ቀን ግን እንደ ወንድሜ አቀፍኩት።

የቀረው ቅቤ ማስመሰል ነው። ሚስቴ አቅልጣ እርድ ቢጤ ጣል ልታደርግበት ድስቱን ካነሳች በኋላ እጇ ቆመ።

«ይሄ ድስት ቅቤ ያልነካው መቼ ነው?»

እውነቷን ነው። በቅቤ ነጋዴ ቤት ቅቤ ያልነካው ዕቃ መፈለግ በወንዝ ውስጥ ደረቅ ድንጋይ መፈለግ ነው። ማንኪያው፣ ማማሰያው፣ የእኔ ጺም ሳይቀር ቅቤ ነው። በመጨረሻ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣችና የመምሬን ሚስት የጾም ድስት ተውሳ መጣች። ክርስቲያን ቤት የጾም ድስት ለብቻው ነው፤ ሥጋም ቅቤም አይነካውም።

«ምን ልትሠሪበት ነው ሲሉሽ ምን አልሻቸው?»

«ለመምሬ የሚሆን ነገር አልኳቸው። ዋሸሁ?»

አልዋሸችም። ገበቴውንም አዲስ ገዛን። እርዱ ቀለሙን ሰጠው፣ በኮባ ቅጠል ስንሸፍነው ከሩቅ ለሚያየው የኩታበር ቅቤ ሆኖ ቁጭ አለ። ሽታው ብቻ አልመጣም። ሽታ ለሌለው ነገር ደግሞ ያን ጊዜ ጥሩ ስም ነበረው፤ ሳይንስ ይባላል።

በዓሉ ኮምቦልቻ፣ ሜዳ ላይ ነው የተደረገው። ጁምዓ ሰግደን፣ መምሬም የጾም ምግብ የሚቀምሱበት ሰዓት ከደረሰ በኋላ ወደ መድረኩ ተጠራን። የመስከረም ፀሐይ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሰው ጠጋ ብላ ነው የምትወጣው። ካድሬው አንዲት ላም ቀይ መቀነት አስታጥቆ አቁሟል፤ ነፃ የወጣችው ላም እሷ ናት። ጥጃዋን ግን ከበስተጀርባ አስረውት ኖሮ ንግግሩ መሐል «እምቧ» አለ። ላሚቱም ሰማችው። ወተቷ በራሱ ጊዜ ካድሬው ጫማ አጠገብ ይንጠባጠብ ጀመር። ሕዝቡ ሁሉ አየ፤ ማንም አልሳቀም። ሳቅ አፍኖ ማጨብጨብ ሆድ ያሳምማል።

ገበቴው ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ካድሬው በየመሐሉ በዓይኑ ጥግ ያየዋል። የሰጠሁት እውነተኛ ቅቤ ነው ብሎ ስለሚያምን ይቀልጥብኛል ብሎ ፈርቷል። አልቀለጠም። ዳር ዳሩ እንኳ አልለሰለሰም። ቀስ በቀስ ፊቱ በራ።

«ተመልከቱ ጓዶች! የላም ቅቤ በዚህ ፀሐይ ውኃ ይሆን ነበር! ይህ ግን እንደ አብዮታችን ጽኑ ነው!»

ያን ጊዜ ራሱም ያመነ መሰለኝ። ያዘዘውን ረስቶ የተናገረውን ያዘ።

ዶክተሩን አስረዳ አሉት። ወደ ገበቴው ጠጋ ብሎ ቁንጥር አነሳና በጣቶቹ መሐል አሸው። አሸተተው። ከሕዝቡ መሐል እኔን ፈልጎ አየኝ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ማይክራፎኑን ይዞ «የጉበት ትል ያለባቸው በጎች» ብሎ ሲጀምር ካድሬው «ስለ ትሉ በሌላ መድረክ!» ብሎ ተቀበለው።

ሼኹ ዶክተሩን «ከእንስሳ ነው?» አሉት። «ይሄ ከእንስሳ አይደለም» አለ፤ ሲናገር ወደ ገበቴው በጣቱ እያመለከተ ነበር። ሼኹ «ቢስሚላህ» ብለው በዳቦ ቀመሱ። ደግመው ግን አልቆረሱም።

የመምሬ ተራ ሆነ። ዳቦውን ይዘው ቆሙ። ካድሬውን አላዩትም፣ ዶክተሩንም አላዩትም። ሕዝቡን በዓይናቸው በረበሩና እኔ ላይ አረፉ።

«አንተ ና ወዲህ!»

ወጣሁ።

«ቅቤ ታውቃለህ። ጎረቤቴ ነህ። ዛሬ ዓርብ ነው። ይሄ የጾም ነው?»

ካድሬው ጥርሱን ነክሶ እያየኝ ነው።

«የጾም ነው መምሬ።»

«በሃይማኖትህ ማልልኝ።»

«ወላሂ፣ የጾም ነው። ላም አታውቀውም። የነካው ዕቃ እንኳ ቅቤ አያውቅም።»

መምሬ አማተቡና ቀመሱ። እያኘኩ ብዙ ቆዩ።

«እውነቱን ነው» አሉ በመጨረሻ። «የጾም መሆኑ ከጣዕሙ ያስታውቃል።»

ያን ጊዜ የታፈነው ሳቅ ሁሉ ፈነዳ። ካድሬውም ለእሱ የተሳቀ መስሎት አብሮ ሳቀ።

ሕዝቡ ሲበተን ካድሬው ከአንድ መኪና ጀርባ ጎትቶ ወሰደኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ወላሂ ብለህ ማልክ! እስላም ሆነህ፣ በጁምዓ ቀን፣ ለአብዮቱ ስትል በሐሰት ማልክ! እኛ እንኳ ካድሬዎቹ እዚህ ንቃት ላይ አልደረስንም!»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በእውነት ምዬ አላውቅም፤ የተሸለምኩት ደግሞ ዋሽተሃል ተብዬ ነው።

«ሱቁ ባንተ እጅ ይቆያል» አለኝ። «እንዳንተ ያለ ሰው ገበያ ውስጥ ያስፈልገናል።» የተረፈውን ገበቴ የካድሬው ሹፌር መኪናው ላይ ጫነው። ለቤት መሆኑ ነው።

ዶክተሩ ወደ መጋዘኑ ክፍል ወሰደኝ። በሩን ዘግቶ እየሳቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? ያ የቆርቆሮ ስብ ዘይት ነበር። በፋብሪካ ሃይድሮጂን አስገብተው ነው የጎበጠ ጭራውን ቀጥ ያደረጉት፤ ለዚህ ነው ፀሐይ ያልፈታው። የሰው እጅ ያለበት ስብ ነው። ካድሬው ሕዝቡን በውሸት ቅቤ ሊያታልል አስቦ እውነቱን ተናገረ።»

ጠርሙሷ በበረዶዋ ውስጥ እንዳለች አሳየኝ። ማንኪያ በማትሞላው በዚያች ዱቄት በጎቹን አከመ። ከረጢት የለሹን መድኃኒት የወሰዱት እግራቸውን እየጎተቱ ሲከርሙ፣ በከረጢት የወሰዱት ግርግም ላይ ሲጋፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቂት በግ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል ይል ነበር ራሱ። ይህንኑ ጽፎ ወደ በላይ ላከ። የመጣለት መልስ አንድ ጥያቄ ነበር፦ በዓመት ስንት ኩንታል ቅቤ ይወጣዋል?

ነገሩ አለቀ ብዬ ሱቄን በደንብ መጥረግ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሴት ራሷን በሻሽ ጥፍንግ አድርጋ ገባች። ከካድሬው መኪና ስትወርድ አይቻት ስለማውቅ ለየኋት። የካድሬው ሚስት ናት። በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ባሏም እንዲሁ ነበር ያደረገው።

ሻሹን ፈታችው። ፀጉሯ በነጭና በቢጫ ግግር ተለብጧል፤ ሻማ የፈሰሰበት መቅረዝ መስሏል።

«ባሌ የኩታበር ለጋ ቅቤ ነው ብሎ አመጣልኝ። ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ቀትር ሆነ፣ አልቀለጠም። ፀሐይዋ ደከመች፣ አልቀለጠም። ዝንብ እንኳ ንቆኝ አለፈ! እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ አንተ ሰውዬ። ቅቤ ዝንብ ሳይጠራ አይቀርም። ለባሌ የሰጠኸው ምንድን ነው?»

ቅቤ ነው ብላት ማስረጃው ራሷ ላይ ነው። አይደለም ብላት የዚያኑ ዕለት ባሏ ይሰማል፤ ማኅተሙም በሱቄ በር ላይ ነው። ሱቄ በአንዲት ሴት ፀጉር ተንጠልጥላ ቀረች። ገበያ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ፤ ደንበኛ እጁን ዕቃው ውስጥ ካስገባ በኋላ ስለ ዕቃው አይዋሽም።

«እትዬ፣ ቅቤ አይደለም። መምሬ ዓርብ ቀን እንዲቀምሱት ተባለ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ማስገደፍ አልቻልኩም።»

ፊቷ ተለወጠ። በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች።

«የትኛው መምሬ?»

ነገርኳት። አንገቷ ላይ ከልብሷ ሥር የተሸሸገ ማተቧን በጣቷ ነካችው። በሹክሹክታም፣

«የነፍስ አባቴ ናቸው» አለች። «እሱ አያውቅም። የካድሬ ሚስት የነፍስ አባት የላትም።» ከዚያ ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ያ ሰውዬ የነፍስ አባቴን ሊያስገድፍ ኖሯል! እኔን ራሱ ስንት ዓርብ አስገድፎኛል መሰለህ!»

ሚስቴን ከቤት አስጠራኋት። የሱቁ ጓሮ ወስዳ በፍል ውኃና በሳሙና አጠበቻት፤ ያ ስብ ልቀቅ ቢሉት የማይለቅ ነበርና ውኃው ሦስቴ ፈላ። ከዚያ ራሴ መርጬ ለጋውን፣ ቢጫውን፣ የመስከረሙን አወጣሁላት። ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ ቅቤው ቀልጦ በጆሮዋ ሥር ይወርድ ጀመር፤ ዝንቡም መጣ።

የካድሬው መኪና በዚያ በኩል አለፈ። ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና ሚስቱን፣ ቀጥሎም እኔን አየ።

«ምነው እዚህ?» አላት።

«ያ ያመጣህልኝ ቅቤ ደስ አለኝና» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ልጨምር መጣሁ።»

ካድሬው እኔን ጠቅሶኝ አውራ ጣቱን አሳየኝ። መኪናው ሄደ። እሷ በርጩማው ላይ እንዳለች፣

«ከዛሬ ጀምሮ» አለችኝ፣ «ለእኔ ከዚህኛው። ለስብሰባ ሲያዝዝህ ግን ከዚያ ከማይቀልጠው ስጠው።»